«አንሬፕሪዘንትድ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቅጽል፦ ስለ ትርጉሙና ስለ አጠቃቀሙ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አማርኛ ተናጋሪዎች «አንሬፕሪዘንትድ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል የሚያገኙት በአብዛኛው በመዝገበ ቃላት ውስጥ ሳይሆን በእጃቸው በገባ ወረቀት ላይ ነው፤ ከፍርድ ቤት በመጣ ደብዳቤ፣ በቤት ግዢ ውል ወይም ስለ ምርጫ በተጻፈ ዜና። በትርጉም ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ስለዚህ ቃል የቀረቡልኝ ጥያቄዎች በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። ጠያቂው «ያልተወከለ» የሚለውን አቻ ያውቀዋል፤ ዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ሲያስገባው ግን አልገጥም ይለዋል። የማይገጥምበት በቂ ምክንያት ስላለ መልሱን ዘርዘር አድርጌ አቅርቤዋለሁ።

ቃሉ ከምን ተሠራ? መሠረታዊ ትርጉሙስ ምንድን ነው?

መሠረቱ «ሪፕሪዘንት» የሚለው ግስ ነው። ግሱ ከላቲን የመጣ ሲሆን በቦታው የሌለን ሰው ወይም ነገር በሌላ አማካይነት እንዳለ አድርጎ ማቅረብ የሚል ሐሳብ በውስጡ ይዟል። ከፊቱ የሚቀጠለው «አን» አፍራሽ ነው፤ ከኋላው ያለው «ኢድ» ደግሞ ግሱን ወደ ቅጽልነት ይለውጠዋል። ስለዚህ «አንሬፕሪዘንትድ» የሚባለው በአንድ በተወሰነ ቦታ ላይ ስለ እሱ የሚቆም፣ በስሙ የሚናገር ወይም እሱን የሚያሳይ ማንም የሌለለት ሰው፣ ቡድን ወይም ነገር ነው።

«በአንድ በተወሰነ ቦታ» የሚለውን ሐረግ ያስገባሁት ሆን ብዬ ነው። ቃሉ ዘወትር ከአንድ መድረክ ጋር የተያያዘ ነው። መድረኩ ችሎት፣ ምክር ቤት፣ ኮሚቴ ወይም የሙዚየም ስብስብ ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው በምክር ቤት ተመራጭ እያለው በችሎት ጠበቃ ላይኖረው ስለሚችል፣ መድረኩ ሳይታወቅ ቃሉን መተርጎም አይቻልም።

«ያልተወከለ» ብሎ መተርጎም ለምን አይበቃም?

በአማርኛ «ወከለ» የሚለው ግስ በሁለት አቅጣጫ ይሄዳል። «ወይዘሮዋ ጠበቃ ወከሉ» ስንል ወኪል የሾሙት ወይዘሮዋ ናቸው፤ «ጠበቃው ወይዘሮዋን ወክሎ ቀረበ» ስንል ደግሞ ድርጊቱን የሚፈጽመው ወኪሉ ነው። ተደራጊው «ተወከለ» ይህንኑ መንታነት ይወርሳል። «በስብሰባው ላይ መምህሩ ተወከሉ» የሚለው ዐረፍተ ነገር መምህሩ ሌሎችን ወክለው ሄዱ ማለት ሊሆን ይችላል፤ መምህሩ ቀርተው ሌላ ሰው በስማቸው ተገኘ ማለትም ሊሆን ይችላል። የእንግሊዝኛው ቅጽል ግን እንዲህ ያለ መንታ መንገድ የለውም፤ የሚናገረው ወኪል ስለሌለው ሰው እንጂ ወኪል ሆኖ ስላልተሾመ ሰው አይደለም።

ይህ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። አንድ አባት «እርስዎ ያልተወከሉ ወገን ነዎት» የሚል የተተረጎመ ደብዳቤ ይዘውልኝ መጥተው ነበር። እሳቸው የተረዱት «ለመናገር ሥልጣን አልተሰጠዎትም» በሚል ስለነበር፣ በገዛ ጉዳያቸው ላይ ዝም ማለት እንዳለባቸው አምነው ነበር። ደብዳቤው የሚለው ግን ጠበቃ ስላልያዙ የሚናገሩት ራሳቸው መሆናቸውን ነበር። አንድ ቅጽል በተሳሳተ አቅጣጫ ስለተተረጎመ ብቻ ሰውየው ለመናገር የነበራቸውን አንድ ዕድል ሊያጡ ነበር።

እኔ የምመክረው መድረኩን ለይቶ መተርጎም ነው። ለችሎት «ጠበቃ የሌለው» ወይም «ጠበቃ ያልቆመለት»፣ ለምክር ቤት «ተወካይ የሌለው»፣ ለስብሰባ «ተጠሪ ያልላከ»፣ ለኤግዚቢሽን ወይም ለመጽሐፍ ስብስብ «ያልተካተተ» ቢባል አንባቢው አይሳሳትም። በተለይ «ያልቆመለት» በሚለው ቃል መጨረሻ ላይ ያለችው «ለት» ማን ስለ ማን እንደሚቆም በግልጽ ስለምትናገር፣ «ያልተወከለ» ያልቻለውን ሥራ ትሠራለች።

በፍርድ ቤት ወረቀት ላይ ሲጻፍ ምን ማለት ነው?

ጠበቃ ሳይዝ የቀረበ ወይም የሚቀርብ ተከራካሪ ማለት ነው። ቃሉ ጥፋተኝነትን አያመለክትም፤ ክርክሩ ደካማ ነው ማለትም አይደለም። ነገር ግን ከቃሉ በስተጀርባ ያለው መብት እንደ ጉዳዩ ዓይነት ስለሚለያይ ልዩነቱን ማወቅ ያስፈልጋል።

በአሜሪካ የወንጀል ጉዳይ ይህንን መብት የቀየረው የክላረንስ ኧርል ጌዴዎን መዝገብ ነው። ጌዴዎን እ.ኤ.አ. በ1961 በፍሎሪዳ ግዛት ፓናማ ሲቲ በምትባል ከተማ የቢሊያርድ መጫወቻ ቤት ሰብሮ ገብቷል ተብሎ ተከሰሰ። ጠበቃ እንዲቆምለት ዳኛውን ቢጠይቅም፣ የግዛቱ ሕግ በሞት በሚያስቀጣ ወንጀል ለተከሰሱ ብቻ ስለሚፈቅድ ጥያቄው ውድቅ ሆነ። ራሱ ተከራክሮ የአምስት ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ከእስር ቤትም በእርሳስ የጻፈውን አቤቱታ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ላከ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1963 በዘጠኙም ዳኞች ስምምነት፣ በከባድ ወንጀል የተከሰሰና ጠበቃ ለመቅጠር አቅም የሌለው ሰው መንግሥት ጠበቃ ሊያቆምለት እንደሚገባ ወሰነ። በዚያው ዓመት ጉዳዩ በጠበቃ ታግዞ እንደገና ሲታይ ጌዴዎን ነፃ ወጣ። ክሱ ያው ክስ፣ ተከሳሹም ያው ሰው ነበር፤ በሁለቱ ችሎቶች መካከል የነበረውን ልዩነት ለማስረዳት ከዚህ ቃል የተሻለ አላገኘሁም።

የኢሚግሬሽን ችሎት ግን በዚህ ውሳኔ አይሸፈንም። ጉዳዩ የፍትሐ ብሔር ተብሎ ስለሚቆጠር ሰውየው ጠበቃ የመያዝ መብት ቢኖረውም ወጪውን መንግሥት አይሸፍንለትም። በጥገኝነት ጥያቄ ላይ ያሉ ወገኖቻችን ከዚህ ቃል ጋር የሚገናኙት ብዙውን ጊዜ በዚህ በኩል ነው። ችሎቱ በነፃ የሚያገለግሉ የሕግ ባለሙያዎችና ድርጅቶች ዝርዝር ይሰጣል፤ ጠበቃ ለመፈለግ ጊዜ እንዲሰጥ መጠየቅም ይቻላል። ዝርዝሩን ተቀብሎ ኪስ ውስጥ መክተት ሳይሆን በማግሥቱ ስልክ መደወል ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ ደግሞ በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5 የተከሰሱ ሰዎች በመረጡት ጠበቃ የመወከል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ ለመክፈል አቅም በማጣታቸው ፍትሕ የሚጓደል ሲሆንም ጠበቃ በመንግሥት ወጪ እንዲያገኙ ያዛል። በዚህ መንገድ የሚመደበውን ባለሙያ ተከላካይ ጠበቃ እንለዋለን።

የተቃራኒ ወገን ጠበቃ «አንሬፕሪዘንትድ ነዎት» ብሎ ቢጽፍልኝ ምን ልረዳ?

የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ያወጣው የሥነ ምግባር ሞዴል ደንብ፣ ጠበቃ ከሌለው ሰው ጋር የሚነጋገር ጠበቃ ገለልተኛ መስሎ እንዳይታይ ይከለክለዋል፤ ጥቅማቸው በሚጋጭበት ጊዜም «ጠበቃ ይያዙ» ከማለት በስተቀር የሕግ ምክር መስጠት አይፈቀድለትም። ስለዚህ ደብዳቤውን የጻፈው ሰው ቢያከብርዎም፣ በመልካም ቋንቋ ቢያነጋግርዎም የቆመው ለሌላው ወገን ነው። ጠበቃ በያዙ ጊዜ ደግሞ በዚያው ጉዳይ ላይ ከእርስዎ ጋር በቀጥታ መነጋገሩን አቁሞ በጠበቃዎ በኩል መምጣት ይኖርበታል።

ለወንድሜ ውክልና ሰጥቻለሁ፤ አሁንም «አንሬፕሪዘንትድ» ነኝ?

በአሜሪካ ፍርድ ቤት ከሆነ፣ ወንድምዎ የሕግ ፈቃድ ከሌላቸው በስተቀር መልሱ «አዎ» ነው። ግራ መጋባቱ የሚመነጨው ከሁለቱም ቋንቋዎች ነው። በአማርኛ «ውክልና» ሲባል ቶሎ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው በኤምባሲ ወይም በውልና ማስረጃ ተረጋግጦ የሚላከው ሰነድ ነው። በእንግሊዝኛ ደግሞ ያው ሰነድ «ፓወር ኦቭ አቶርኒ» ይባላል፤ «አቶርኒ» ጠበቃም ማለት ስለሆነ ሰነዱን የያዘ ሰው በችሎት መቆም የሚችል ይመስላል። ሰነዱ ቤት ለመሸጥ፣ የባንክ ሒሳብ ለማንቀሳቀስና በስም ለመፈረም ያገለግላል፤ የሕግ ፈቃድ የሌለው ሰው ለሌላው በችሎት እንዲከራከር ግን አያስችልም። በኢሚግሬሽን ችሎት ጠበቃ ሳይሆኑ ከፍትሕ ሚኒስቴር ፈቃድ ያገኙ ተወካዮች አሉ፤ ፈቃዳቸውን ማየት አያሳፍርም።

ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው ይህ እንግዳ ቢሆንበት አይገርምም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የቅርብ ዘመድ በውክልና ቀርቦ የሚከራከርበትን ሁኔታ ያውቃል፤ አባት ለልጅ፣ ባል ለሚስት መቆም በአገር ቤት የተለመደ ነው።

ለንግድ ድርጅቶች አንድ ነገር ልጨምር። ኩባንያ በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ያለ ጠበቃ ሊቀርብ አይችልም። ምግብ ቤቱን በኩባንያ ስም ያስመዘገበ ሰው ድርጅቱ ሲከሰስ «ባለቤቱ እኔ ስለሆንሁ እኔው እመልሳለሁ» ቢል አይሰማም። በብዙ የግዛት ፍርድ ቤቶችም ሕጉ ተመሳሳይ ሲሆን አነስተኛ ገንዘብ የሚታይባቸው ችሎቶች ግን የራሳቸው ልዩ አሠራር ሊኖራቸው ይችላል።

«ፕሮ ሴ» እና «ሰልፍ ሬፕሪዘንትድ» ከዚህ ቃል ይለያሉ?

የሚያመለክቱት ሰው ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። «ፕሮ ሴ» ላቲን ሲሆን «ስለ ራሱ» ማለት ነው፤ በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች የተለመደ ነው። በእንግሊዝ «ሊቲጋንት ኢን ፐርሰን» ይባላል። «ሰልፍ ሬፕሪዘንትድ» ሰውየው ራሱ እየተከራከረ መሆኑን ሲያጎላ «አንሬፕሪዘንትድ» የሚያጎላው ጠበቃ የሌለው መሆኑን ነው። «በራሱ የሚከራከር» ለመጀመሪያው፣ «ጠበቃ የሌለው» ለሁለተኛው ይስማማል።

በፖለቲካ ሲነገር ምን ያመለክታል?

ሕግ በሚወጣበት ምክር ቤት ውስጥ የመረጡት ሰው የሌላቸውን ሰዎች ያመለክታል። የእንግሊዝ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1765 በአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ውስጥ ጋዜጣን፣ የሕግ ሰነድን፣ የመጫወቻ ካርታን ሳይቀር የሚነካ የቴምብር ቀረጥ ሲጥል፣ ቅኝ ተገዢዎቹ በፓርላማው ውስጥ አንድም ተመራጭ ሳይኖረን ግብር ልንከፍል አይገባም ብለው ተቃወሙ። የመንግሥት ደጋፊዎች የሰጡት መልስ እያንዳንዱ የፓርላማ አባል ያልመረጡትንም ጭምር ይወክላል የሚል ነበር። መልሱ በእንግሊዝ አገር ውስጥም የሚታይ እውነታ ነበረው፤ ማንቸስተርና በርሚንግሃም እስከ እ.ኤ.አ. 1832ቱ የማሻሻያ ሕግ ድረስ የራሳቸው ተመራጭ አልነበራቸውም። በአንጻሩ ነዋሪ አልነበራትም ለማለት የምትበቃው ኦልድ ሴረም ሁለት ተመራጮች ትልክ ነበር። እኔ እንደማየው ይህ መልስ ቅኝ ተገዢዎቹን ከማሳመን ይልቅ የእንግሊዝን ከተሞች ችግር ነው ያጋለጠው።

ጥያቄው ዛሬም ሕያው የሆነባት ከተማ ብዙ አማርኛ ተናጋሪዎች የሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲ ናት። እ.ኤ.አ. በ2020 በተካሄደው ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ 689,545 ነበር፤ ይህም ከዋዮሚንግ 576,851 እና ከቨርሞንት 643,077 ይበልጣል። ነዋሪዎቿ የፌዴራል ግብር ይከፍላሉ። ሆኖም በሴኔት አንድም መቀመጫ የላቸውም፤ በተወካዮች ምክር ቤት ያላቸውም አንድ ልዑክ ብቻ ነው። ልዑኩ በኮሚቴ ሊሳተፍና በምክር ቤቱ ሊናገር ይችላል፤ ሕግ በመጨረሻ ሲጸድቅ ግን አይቆጠርም። ለፕሬዝዳንት የመምረጥ መብት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1961 በጸደቀው 23ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። ከ2000 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር፣ የከተማዋ የመኪና ታርጋ ያለ ውክልና ግብር እንደሚከፈል የሚናገር መፈክር ሲይዝ ቆይቷል።

እዚህ ላይ የአማርኛ ተርጓሚ ይቸገራል። እንግሊዝኛ ስለ ልዑኩ ሲናገር ለመናገርና ለመምረጥ ሁለት የተለያዩ ቃላት አሉት፤ በአማርኛ ሁለቱም «ድምፅ» ናቸው። «ድምፅ አለው፣ ድምፅ የለውም» ብንል አንባቢን እናደናግራለን። «መናገር ይችላል፤ እጅ ማውጣት ግን አይችልም» ማለት ይሻላል።

«አንደርሬፕሪዘንትድ»ስ?

ጨርሶ አለመወከልና ከድርሻ በታች መወከል የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «አንደርሬፕሪዘንትድ» ተወካይ ያለው፣ ግን ከብዛቱ ወይም ከሚገባው ድርሻ ያነሰ ማለት ነው። ካሊፎርኒያ በ2020ው ቆጠራ ከ39 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራት፤ በሴኔት ያላት መቀመጫ እንደ ዋዮሚንግ ሁለት ነው። ካሊፎርኒያ በሴኔት «አንደርሬፕሪዘንትድ» ናት፤ ዋሽንግተን ዲሲ «አንሬፕሪዘንትድ» ናት። በአማርኛ ለመጀመሪያው «ከድርሻው በታች የተወከለ» ረዘም ቢልም ትክክል ነው። አንዳንዶች «በበቂ ሁኔታ ያልተወከለ» ይላሉ፤ ይህም ተቀባይነት አለው፣ «በበቂ ሁኔታ» የሚለውን ካልዘለሉት።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ይህንን ልዩነት በራሱ መንገድ ያውቀዋል። አንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን አባላት ከ550 እንዳይበልጡ ሲወስን፣ ከእነዚህ ውስጥ ከ20 የማያንሱት መቀመጫዎች አነስተኛ ቁጥር ላላቸው ብሔረሰቦችና ሕዝቦች እንዲሆኑ ያዛል። በሕዝብ ቁጥር ብቻ ቢቆጠር ጨርሶ ተወካይ ሊያጡ የሚችሉ ሕዝቦች በዚህ ምክንያት መቀመጫ ያገኛሉ።

«አንሬፕሪዘንታቲቭ» ከእነዚህ ጋር አንድ ነው?

አይደለም፤ ተማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱትም በዚህ ቃል ነው። ይህኛው የሚገልጸው ናሙናውን ወይም ምሳሌውን ራሱን ነው፤ ብዙኃኑን የማያሳይ ማለት ነው። «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1936 ለምርጫ ትንበያ 10 ሚሊዮን ያህል መጠይቅ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበ፤ ሪፐብሊካኑ ላንደን ያሸንፋሉ ሲልም ተነበየ። ተፎካካሪያቸው ሩዝቬልት ግን ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን አሸነፉ። መጠይቁ የተላከላቸው ሰዎች ስም በአብዛኛው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ምዝገባ የተወሰደ ስለነበር፣ በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ድሆች ከድርሻቸው በታች ነበር የተገኙት፤ መልስ የላኩትም ቢሆኑ መላውን መራጭ የሚመስሉ አልነበሩም። ስለዚህ ናሙናው «አንሬፕሪዘንታቲቭ»፣ ድሆቹ ደግሞ በናሙናው ውስጥ «አንደርሬፕሪዘንትድ» ነበሩ።

በቤት ግዢ ውል ላይ ለምን ይገኛል?

የራሱ ኤጀንት (ደላላ) የሌለውን ገዢ ለመግለጽ ነው። ቤቱን የሚያሳየው የሻጩ ደላላ የሚሠራው ለሻጩ ነው። በአሜሪካ ከኦገስት 17 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው አሠራር፣ ደላሎች የሚሸጡ ቤቶችን በጋራ በሚያስመዘግቡበት መዘርዝር የሚጠቀም የገዢ ኤጀንት ቤት ከማሳየቱ በፊት ከገዢው ጋር በጽሑፍ መዋዋል አለበት። «አንሬፕሪዘንትድ» በሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ማለት በዚህ ግዢ ለእኔ የሚደራደር ሰው የለም ብሎ መፈረም ነው።

«እንደራሴ» የሚለውን የቆየ ቃል መጠቀም ይቻላል?

በፖለቲካ ጽሑፍ ውስጥ ይቻላል፤ እኔም እወደዋለሁ። «እንደ ራሴ» ከሚለው የተሠራ ስለሆነ የውክልናን ሐሳብ ከማንኛውም ቃል ይልቅ በቅርበት ይናገራል። ራስ ተፈሪ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን አልጋ ወራሽና እንደራሴ ይባሉ ነበር፤ የምክር ቤት አባላትም በዚሁ ስም ተጠርተዋል። ሆኖም በ1923ቱ ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡት መኳንንቱና ሹማምንቱ ነበሩ፤ ሕዝቡ በቀጥታ የመረጠው በ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ከተሻሻለ በኋላ ነው። ስለዚህ «እንደራሴ የሌለው ሕዝብ» ስንል የመረጠው ሰው የሌለው ማለታችን መሆኑን ዐውዱ ማሳየት አለበት። ለፍርድ ቤት ግን ቃሉ አይስማማም።

ቃሉ በእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ውስጥ እንዴት ይገባል?

መድረኩን ለመግለጽ «ኢን»፣ ስብሰባን ወይም ችሎትን ለመግለጽ «አት»፣ ኮሚቴን ለመግለጽ «ኦን»፣ ወኪሉን ለመግለጽ «ባይ» ይከተሉታል። ትርጉሙ ፍጹም ስለሆነ «ቬሪ» የሚለው ማጉያ አይስማማውም፤ «ኮምፕሊትሊ» ወይም «ላርጅሊ» ይስማሙታል። «አንደርሬፕሪዘንትድ» ግን ደረጃ ስላለው «ቬሪ»ም «ሲቪርሊ»ም ሊቀድሙት ይችላሉ። ሲነበብ ጥብቀቱ የሚያርፈው «ዘን» በሚለው ክፍለ ቃል ላይ ነው። «አንደርሬፕሪዘንትድ»ን በሰረዝ ከፍለው የሚጽፉ አሉ፤ «አንሬፕሪዘንትድ» ግን ያለ ሰረዝ ይጻፋል።